ስለ ኒዮዲሚየም ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኒዮዲሚየም በኃይለኛ ማግኔቶች ውስጥ የሚገባ ብርማ ንጥረ ነገር ነው። አዳማ በማስተምርበት የኬሚስትሪ ክፍል ተማሪዎች ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ የፈቱትን ማግኔት እያመጡ «መምህር፣ ኒዮዲሚየም ይኸውልዎ!» ይሉኛል። የመጀመሪያውና ሥር የሰደደው ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ገጽ ማግኔቱን ከዝገት ለመጠበቅ የተለበጠ ኒኬል እንጂ ኒዮዲሚየም አይደለም። አንድ ጊዜ ሁለት ክብ ማግኔቶች ከልጆቹ እጅ አምልጠው ሲጋጩ አንዱ ተሰበረ። ስብራቱን በአጉሊ መነጽር ስናየው ውስጡ ደብዛዛ ግራጫና አሸዋማ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ከኒኬሉ ሥር የተለበጠው መዳብ እንደ ቀጭን ቀይ ክር ይታይ ነበር። ያ ግራጫ ክፍል እንኳ ቅይጥ ነው፤ አብዛኛው ብረት ሲሆን ኒዮዲሚየሙ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ነው፣ ጥቂት ቦሮንም አለበት።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት ንጹሑ ኒዮዲሚየም በራሱ ኃይለኛ ማግኔት እንደሆነ ማመን ነው። በክፍል ሙቀት ንጹሑ ኒዮዲሚየም በማግኔት የሚሳበው እጅግ በደካማው ነው። ኃይሉ የሚመጣው ሦስቱ ንጥረ ነገሮች አብረው ከሚሠሩት ክሪስታል ሲሆን፣ ይህም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ በየፊናቸው የተገኘ ነው። ከከተማችን አጠገብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የቆሙት የ«አዳማ አንድ» የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖች፣ በጠቅላላው 51 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው፣ በጄኔሬተራቸው ውስጥ የያዙት እንዲህ ያለውን ቋሚ ማግኔት ነው።

ሦስተኛው ስህተት ንጹሑን ናሙና እንደ አሉሚኒየም ቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ መተው ነው። አዲስ የተቆረጠ ኒዮዲሚየም ብርማ ነጭ ነው፤ አየር ሲያገኘው ግን ቶሎ ይደበዝዛል። አሉሚኒየም ላይ የሚፈጠረው ኦክሳይድ ተጣብቆ ሥሩን ሲጠብቅ፣ የኒዮዲሚየም ኦክሳይድ ግን እንደ አሮጌ ቀለም እየተላጠ ይረግፋልና ከሥር ያለው አዲስ ገጽ ደግሞ በተራው ይበላል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ በአንድ ዓመት ገደማ ፈጽሞ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ በማዕድን ዘይት ውስጥ ወይም አርጎን በተሞላ የታሸገ ብርጭቆ ውስጥ ይቀመጣል። ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ከአየርም የከፋ ነው፤ ከውኃ ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጅን ይለቃል።

ቀለሙን በአንድ ብርሃን ብቻ አይቶ መመዝገብም ያሳስታል። ኒዮዲሚየም የተጨመረበት ብርጭቆ በፀሐይ ብርሃን ሐምራዊ ሲሆን በፍሎረሰንት መብራት ወደ ሰማያዊ ያደላል። ኬሚስቱ ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ በ1885 ቪየና ውስጥ፣ እንደ አንድ ንጥረ ነገር ይቆጠር የነበረውን ዲዲሚየም ለሁለት ሲከፍለው፣ ሁለት የተለያዩ ንጥረ ነገሮች መሆናቸውን ካሳዩት ነገሮች አንዱ የጨዎቻቸው ቀለም መለያየት ነበር፤ ኒዮዲሚየም የሚለው ስም «አዲሱ መንታ» ማለት መሆኑን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ዳግመኛ አይረሱትም።

ኒዮዲሚየም የሚመደብበት ቡድን «ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች» መባሉም ያሳስታል። በምድር ቅርፊት ውስጥ መጠኑ ከእርሳስ በእጅጉ ይበልጣል፤ አስቸጋሪው እጅግ ከሚመስሉት ወንድሞቹ መለየቱ ነው።

የመጨረሻው ለጥገና ባለሙያዎችና ለወላጆች ነው። ማግኔቱን አትብሱት፤ ብናኙ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፣ ልባጩም ከተበሳ ዝገቱ ከዚያው ይጀምራል። ተራው ዓይነት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከጋለ ኃይሉን ሊያጣ ስለሚችል ካውያ አታስጠጉት። ትንንሾቹን ከሕፃናት አርቁ፤ ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመካከላቸው ተጣብቆ ሊበሳ ስለሚችል ሕመም እስኪሰማው ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይወሰድ።