መስማት የተሳነው ባለጉዳይ ቢሯችሁ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?

ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠራ። ሰውየው ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በሩን በሩን ያያል። «የለም እንዴ?» አለችና ጠሪዋ ፋይሉን ከሥር ከተተችው፤ ቀጣዩ ባለጉዳይ ገባ። እኔ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ። የዚያን ቀን የሄድኩት ለሌላ ሰው ላስተረጉም ነበርና ነገሩ የገባኝ ሰውየው ብዙ ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ በመጨረሻ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ወረቀቱን ሲያሳይ ነው። «ስትጠራ አልነበርክም፣ ነገ ና» አሉት። «ነገ ና» መባሉንም የነገርኩት እኔ ነኝ።

ሠራተኞቹ ክፉዎች አልነበሩም። ወረፋው የሚሄደው በድምፅ ብቻ ነበር፣ በቃ።

ስለዚህ ከበሩ ጀምሩ። የወረፋውን ቁጥር በስክሪን አሳዩ። ስክሪን ከሌለ ቁጥሩን በትልቁ ጽፎ ከፍ አድርጎ ማሳየትም ይሠራል። እሱም ካልተቻለ ባለጉዳዩ ሲመዘገብ ስሙ አጠገብ ምልክት አድርጉና ተራው ሲደርስ ሄዳችሁ ጥሩት። ከፊቱ ሆኖ እጅ ማወዛወዝ ወይም ትከሻውን ቀስ አድርጎ መንካት ምንም ነውር የለውም። ምልክቱ ግን «ደንቆሮ» ወይም «ዲዳ» የሚል ጽሑፍ እንዳይሆን፤ ፋይል ላይ ተጽፎ ሁሉ አይቻለሁ። «የምልክት ቋንቋ ተጠቃሚ» ብላችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ሁሌም አንድ ነው፦ «ከንፈር ያነባል አይደል?» እስቲ መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ «በላ» በሉ፣ ከዚያ «መላ» በሉ። ልዩነት አያችሁ? የለም። ከ፣ ገ እና ቀ ደግሞ ወደ ጉሮሮ ተጠግተው ስለሚፈጠሩ ከንፈር ላይ ጭራሽ አይታዩም። ከንፈር ማንበብ ግማሹ ግምት ነው፤ የመድኃኒት መጠን ወይም የፍርድ ቤት ቀጠሮ ደግሞ በግምት አይያዝም።

«እሺ፣ እንጻፍለት» ትላላችሁ። ለአጭር ነገር ጥሩ ነው። ግን የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ በእሱ ላደገ ሰው የጽሑፉ ቋንቋ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። «አስፈላጊ ማስረጃዎችን አያይዘው እስካላቀረቡ ድረስ ጥያቄዎ አይስተናገድም» የሚል ወረቀት ስንቱን ሰሚ ራሱ ግራ ያጋባል። «መታወቂያዎን ይዘው ይምጡ። ያኔ እንጨርስልዎታለን» ብትሉስ? ቅጾቻችሁን እንደዚህ አድርጋችሁ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ጻፏቸው።

ዋናው ነገር ግን አስተርጓሚ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ።

አንድ ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ሐኪም ፊት ለእናቷ ስታስተረጉም አየሁ። ሐኪሙ ስለ ዕጢ ይናገራል። ልጅቷ እጇን አንስታ መሐል ላይ ቀረች። እናትየው የልጇን ፊት ታያለች፣ ሐኪሙን ታያለች፣ ተመልሳ ልጇን። ልጅቷ በመጨረሻ «ደህና ነሽ ይላል» አለቻት። በዚህች ልጅ ማን ይፈርድባታል? ያን ሸክም ትከሻዋ ላይ የጫነው ተቋሙ ነው። ስለዚህ ልጅን በጭራሽ፣ ዘመድንም ባለጉዳዩ ራሱ ካልፈለገ በቀር አስተርጓሚ አታድርጉ። ባለሙያ ቅጠሩ፣ ከፋዩም ተቋሙ ይሁን።

ቀጠሮ ስትሰጡ «አስተርጓሚ ይፈልጋሉ? በየትኛው የምልክት ቋንቋ?» ብላችሁ ጠይቁ። በዓለም ከ300 በላይ የምልክት ቋንቋዎች አሉ፤ የአሜሪካውና የእንግሊዙ እንኳን አይግባቡም። ጉዳዩን፣ ስሞቹንና ከባድ ቃላቱን ለአስተርጓሚው አስቀድማችሁ ላኩ። ረጅም ስብሰባ ከሆነ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ እየተቀባበልን ካልሠራን አእምሮ ይደክማል፣ ስህተትም ይገባል።

አስተርጓሚው በእናንተ በኩል ይቀመጥ፣ ባለጉዳዩ ሁለታችሁንም እንዲያይ። መስኮት ከኋላችሁ እንዳይሆን፣ ፊታችሁ ይጨልማል። «ንገሪው» አትበሉ፤ ባለጉዳዩን እያያችሁ ለእሱ ተናገሩ። ወረቀት ከሰጣችሁት ደግሞ ዝም በሉ! ዓይኑ አንድ ነው፤ ወረቀቱንና እጄን እኩል ማየት አይችልም። አንብቦ ቀና ሲል ትቀጥላላችሁ። ሁሉም ቢሮ የሚስተው ይኼንን ነው። ራሱን ከነቀነቀላችሁም ገባው ብላችሁ አትደምድሙ፣ «ምን ተረዱ? መልሰው ይንገሩኝ» በሉት።

አስተርጓሚ በአካል ካልተገኘ በቪዲዮ ጥሪ ይቻላል። ኢንተርኔቱን ግን ባለጉዳዩ ከመምጣቱ በፊት ሞክሩት፤ ምስሉ ከተቆራረጠ ንግግሩ ተቆራረጠ ማለት ነው። በጀርባው ለተኛ በሽተኛ ወይም ዓይኑ ላበጠ ሰው ትንሽ ስክሪን አይሆንም።

የጤና ባለሙያዎች፣ ግሉኮስ ከመስካታችሁ በፊት በየትኛው እጁ እንደሚያወራ ጠይቁት። ፖሊሶች፣ እጁን የኋሊት ስታስሩት አፉን እንደለጎማችሁት ቁጠሩት።

«ደውለን እናሳውቅዎታለን» የሚለውንም አስቡበት። ለሁሉም የስልክ አገልግሎት አጠገቡ የጽሑፍ መልእክት መቀበያ አድርጉ። የአደጋ ጊዜ ቁጥር ላይማ ለነገ የሚባል አይደለም።

አለቃችሁ «በጀት የለም» ካለ የተባበሩት መንግሥታት የ2006ን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አሳዩት። አንቀጽ 2 የምልክት ቋንቋን ቋንቋ ብሎ ይቆጥረዋል፣ አንቀጽ 9 ባለሙያ አስተርጓሚን ይጠቅሳል፣ አንቀጽ 21 ደግሞ ሰው ከመንግሥት ጋር ባለው ይፋዊ ጉዳይ በምልክት ቋንቋ መነጋገር እንዲችል ይጠይቃል። አገራችሁ ኮንቬንሽኑን አጽድቃ ከሆነ ይህ እንዲሟላ መሥራት የመንግሥት ግዴታ ነው።

ለሠራተኞች የጥቂት ቀን ሥልጠና ስጡ፤ «ሰላም»፣ «ትንሽ ይጠብቁ»፣ «ይቅርታ» ማለት መቻል የሰው ፊት ያፈካል። ግን ያንን የሠለጠነ ሠራተኛ አስተርጓሚ ነው እንዳትሉ።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ማኅበር አነጋግሩና ሁለት ሰው ከፍላችሁ ጋብዙ። ሳይታወቁ እንደማንኛውም ባለጉዳይ ከበሩ ይግቡ፣ ወረፋ ይያዙ፣ ጉዳያቸውን ለመጨረስ ይሞክሩ። ከዚያ በአስተርጓሚ ቁጭ ብላችሁ የት የት እንደተቸገሩ ስሟቸው። የነገሯችሁን መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ፤ እኔ እዚህ ካልኳችሁ ጋር ባይገጥም እንኳን።