ኡበር ለሚነዱ፦ የዓመቱን ታክስ ከጃንዋሪ ጀምሮ እንዴት ማቀድ ይቻላል

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ የሚነዳ ብዙ ሐበሻ ታክስ ትዝ የሚለው ማርች ላይ ነው፤ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ታክስ የሚሠራለት ሰው ዘንድ ወረፋ ሲጠብቅ። ያን ጊዜ ግን ዓመቱ አልፏል። የቀረው ፎርም መሙላት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ማይል ይመዝግቡ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄ አይቀርም። ለ2025 አይ አር ኤስ (የፌደራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ለእያንዳንዱ የሥራ ማይል 70 ሳንቲም ከገቢ እንዲቀነስ ፈቅዶ ነበር። እስቲ በቁጥር እንየው። በዓመቱ ተሳፋሪዎች የከፈሉት 70,000 ዶላር ነው እንበል፤ ኩባንያው 18,000 ቆርጦ 52,000 ለሾፌሩ ደረሰው። 35,000 የሥራ ማይል ነድቶ ከመዘገበ 24,500 ይቀነስለትና የተጣራ ገቢው 27,500 ይሆናል። በግሉ የሚሠራ ሰው የተጣራ ገቢው በ92.35 በመቶ ተባዝቶ፣ በዚያ ላይ 15.3 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ይከፍላል፤ እዚህ 3,886 ዶላር ገደማ ይመጣል። የመኪናውን ወጪ በምንም ማሳየት ያልቻለው ጓደኛው ግን ስሌቱ ከ52,000 ይነሳና 7,347 ይደርሳል። የገቢ ታክሱ ገና አልተነካም!

መዝገቡ ደብተርም ይሁን የስልክ አፕ ለውጥ የለውም። ቀን፣ መነሻና መድረሻ፣ የሥራው ምክንያትና ማይሉ በየዕለቱ ይጻፍ። ባዶዎን ጥሪ ለማንሳት የሚሄዱበትም ይቆጠራል፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገበያ የሄዱበት አይቆጠርም። 70ው ሳንቲም ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስና ጥገናን ጠቅልሎ የያዘ ስለሆነ እነሱን ደግሞ ለብቻ መቀነስ አይቻልም። የመንገድ ክፍያ (ቶል)፣ ሥራ ላይ የከፈሉት ፓርኪንግና የስልክዎ የሥራ ድርሻ ግን ለብቻ ይቀነሳሉ። ሌላው አማራጭ ትክክለኛውን የመኪና ወጪ በደረሰኝ ማስላት ነው። ነገር ግን የራስዎን መኪና ለሥራ ባዋሉበት በመጀመሪያው ዓመት የማይሉን መንገድ ካልመረጡ፣ በዚያ መኪና ኋላ ወደ ማይል መመለስ አይችሉም።

1099-ኬ (ኩባንያው ተሳፋሪዎች የከፈሉትን ጠቅላላ የሚያሳውቅበት ፎርም) ሲመጣ አይደንግጡ። ቁጥሩ ባንክ ከገባልዎ የሚበልጠው ኩባንያው የቆረጠውንም ስለሚጨምር ነው፤ ስኬጁል ሲ ላይ (በግል የሚሠራ ሰው ገቢና ወጪውን የሚሞላበት ፎርም) ያ የተቆረጠው እንደ ወጪ ይገባል።

ቀጥሎ ገንዘቡን በየሩብ ዓመቱ ይክፈሉ። በመጨረሻ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ የሚጠብቀው ሰው ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና በተከታዩ ዓመት ጃንዋሪ 15 መክፈል አለበት። ስሙ ሩብ ዓመት ይባል እንጂ በኤፕሪልና በጁን መካከል ያለው ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስንት እንደሚከፍሉ ካላወቁ ያለፈውን ዓመት ጠቅላላ ታክስ ለአራት ያካፍሉ። ይህን በየመክፈያው ቀን ከከፈሉ የዘንድሮ ገቢዎ ቢጨምርም ቅጣት የለም (ያለፈው ዓመት ገቢ ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ 110 በመቶውን)። አይ አር ኤስ ድረ ገጽ ላይ ዳይሬክት ፔይ ያለ ክፍያ ይሠራል። የስቴቱ ለብቻ ነው፤ ቨርጂኒያ የሚኖሩ የመጀመሪያው ክፍያቸው ሜይ 1 መሆኑን ያስታውሱ።

ባለቤትዎ ደመወዝተኛ ከሆኑ ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። ለአሠሪ በሚሰጠው የታክስ ቅነሳ ፎርም፣ ደብልዩ-4 ላይ በመስመር 4(ሲ) ከየደመወዙ ተጨማሪ ታክስ እንዲቆረጥ ማስሞላት ይቻላል። ከደመወዝ የተቆረጠ ታክስ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ ስለሚቆጠር፣ ሩብ ዓመቱ ያመለጠው ሰው ኦክቶበር ላይም ቢሆን ሊያካክስበት ይችላል።

ትርፍ ገንዘብ ካለ ትራዲሽናል አይ አር ኤ (የግል የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ) ይክፈቱ፤ ለ2025 ገደቡ 7,000 ዶላር፣ ዕድሜው 50 ለሞላ 8,000፣ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀንም ኤፕሪል 15፣ 2026 ነበር። የገቢ ታክሱን ይቀንሳል፤ 15.3 በመቶውን ግን አይነካውም።

አሁን ብዙዎቻችን ወደማንወደው ነገር ልምጣ። «ገቢህን ዜሮ አደርግልሃለሁ» የሚል ሰው ጥቅም የሠራልዎ ይመስላል። ጡረታዎ የሚሰላው ግን ባሳወቁት የተጣራ ገቢ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ 40 ክሬዲት (ከገቢ የሚገኝ ነጥብ) ያስፈልጋል፣ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ነው፤ በ2025 አራቱን ለመሙላት የ7,240 ዶላር ገቢ ይጠይቅ ነበር። ቤት ሊገዙ ሲሄዱም ባንኩ የሚያየው ስኬጁል ሲ ላይ ከወጪ በኋላ የቀረውን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመቱን። ያላወጡት የውሸት ወጪ ቤቱን ያስቀርብዎታል።

ኦዲት ቢመጣም ተጠያቂው ፈራሚው እርስዎ ነዎት። ገንዘብ ተቀብሎ ታክስ የሚሠራ ሰው ፎርሙ ላይ ፈርሞ ፒቲን ቁጥሩን (አይ አር ኤስ ለታክስ ሠሪዎች የሚሰጠውን መለያ) ማስፈር ግዴታው ነው። «እኔ አልፈርምም፣ አንተ ራስህ እንደሠራኸው እናስመስለው» ካለዎት ፌስታልዎን ይዘው ይውጡ።