ጥሬ ምግብ ጀምራችሁ ፀጉራችሁ ረገፈ? ችግርና መፍትሔ

ደሴ ውስጥ ሹሩባ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ማበጠሪያ ላይ የቀረውን ፀጉር አይቼ የቤቱን ማዕድ እገምታለሁ ብል ጉራ ይመስላል። ትንሽ እውነት ግን አለው።

አምና አንዲት የሰፈር ልጅ መጣች። "እትዬ፣ ፀጉሬ በእፍኝ እየወጣ ነው" አለችኝ። ሻምፖውን ጠርጥራለች፤ የቧንቧውን ውሃም ጠርጥራለች። ምን ትበያለሽ አልኳት። ለካ እሳት የነካው አልቀምስም ካለች አራት ወር ሆኗታል! ጠዋት ፓፓያ፣ ቀን ሰላጣ፣ ማታ ካሮት። ዘጠኝ ኪሎ ቀንሳለች። እናቷ "ጾም እንኳ ሽሮ አይከለክል" እያሉ ይሟገቷታል። እኔም የእናትየው ወገን ነኝ። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ጾመው ፀጉራቸው ያልሳሳ ስንት ሴቶች ሠርቻለሁ። ምስሩና ሽሮው ከማዕዳቸው አልጠፋማ።

በቅድሚያ የወደቀውን ፀጉር እዩት

በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ የማንም ሰው ነው። ከዚያ ሲበዛ አንዱን አንሱና ጫፉን ተመልከቱ። ነጭ ጠብታ የምትመስል ነገር ካለችው ከሥሩ ወጥቷል። ከሌለችው ተሰብሯል ማለት ነው። ስብራት አብዛኛውን ጊዜ የካስክ፣ የፔስትራና የቀለም ጣጣ ነው።

ከመላው ራስ ይረግፋል፣ ጫፉ ነጭ ነው

ሰውነት ሲራብ ለልብና ለአንጎል ያደላል፤ ፀጉር ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። የፀጉሩ ሥር ሥራ አቁሞ ያርፋል። የሚረግፈው ግን ያኔ አይደለም፤ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። ሐምሌ ላይ የረገፈ ፀጉር የሚናገረው የሚያዝያን ነው። ስለዚህ የትናንቱን እራት ትታችሁ የዛሬ ሦስት ወር ምን እንደነበር አስቡ። ወሊድ፣ ታይፎይድ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ከነበረም ያው ነው።

ጥሬነቱ ብቻውን ፀጉር አያረግፍም። የሚጎዳው ጥሬ ብቻ ስትበሉ ከሳህኑ የሚጎድለው ነው፤ በተለይ ጉልበትና ፕሮቲን። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በቀን ወደ 48 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል። አንድ ኪሎ ፓፓያ 5 ግራም እንኳ አይሞላም። 100 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 9 ግራም አለው።

መፍትሔው ምስሩን፣ ሽሮውን፣ እንቁላሉን መመለስ ነው። ሰላጣውም ይቀጥል፣ ማን ጠላው? ጥራጥሬን በጥሬው ልብላ ማለት ግን አያዋጣም። ጥሬ ቦሎቄ ያስመልሳል፣ ሆድ ያውካል። በቆልት ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን እናቶቻችን ቀቅለው ነው የሚያቀርቡት።

በነገራችን ላይ በራሱ ፀጉር የሚያረግፍ ተክል የለም አልልም። ለመኖ የሚተከለው ሉኪንያ አለ። ፈረስና አህያ አብዝተው ሲበሉት የጋማና የጅራታቸው ፀጉር ይረግፋል። እኛ ሰላጣ ውስጥ አንጨምረውም እንጂ።

መርገፉ ላይ ድካም ሲጨመር

ወደ ጦሳ በኩል ያለውን ዳገት ስትወጡ ካለከለካችሁ፣ ፊታችሁ ከገረጣ፣ ራሳችሁን ካዞራችሁ፣ ብረት ማነሱን ጠርጥሩ። የወር አበባ ያላቸው ሴቶች ቶሎ ይጠቃሉ።

አትክልትና እህል ውስጥ ያለውን ብረት አንጀት በቀላሉ አይወስደውም። እህሉ ውስጥ ብረቱን አንቆ የሚይዝ ነገር አለ። ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ያ ነገር ይቀንሳል፤ እንጀራ እዚህ ላይ ነው የሚረታው። ወጡ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጉ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባል። ቡና ደግሞ በተቃራኒው ያግዳል። ወሎዬን አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ተው ማለት አልደፍርም። ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቁት ብቻ።

የብረት ክኒን ግን በግምት አትዋጡ። ደም ስትመረመሩ ከሄሞግሎቢን ሌላ ፌሪቲን የሚባለውንም ጠይቁ። እሱ የተጠራቀመውን ብረት ያሳያል፤ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ ጎተራው ባዶ ሊሆን ይችላል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ጭራሽ የተዋችሁ ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 ነገር አይረሳ። አትክልት ውስጥ አታገኙትም።

ጥሬ እንቁላልና ጥሬ ሥጋ

ለፀጉር ብሎ ጥሬ እንቁላል የሚጠጣ አለ። ነጩ ውስጥ አቪዲን የሚባል ነገር አለ፤ ባዮቲንን ይዞ አይለቅም። ባዮቲን ሲያንስ ደግሞ ፀጉር ይሳሳል። አንድ ቀን ቢጠጣ ምንም አይደለም፣ በየቀኑ ለወራት ከሆነ ግን ይጎዳል። ሲበስል ችግሩ ይጠፋል። ጥሬ ሥጋ ፀጉር አያረግፍም፤ ትርፉ ኮሶ ነው።

ምግብ የማይመለከተው

ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ብቻ ከሳሳ ምግቡን ተዉት። ጥፋቱ የእኔና የመሰሎቼ ነው። ሹሩባ ጠብቆ ሲሠራ ሥሩን እየጎተተ ያደክመዋል፤ ከቆየ ጭራሽ አይበቅልም። ሠሪዋን "አላልተሽ ሥሪኝ" በሏት። ራስ ምታት ካመጣባችሁ በዚያው ቀን ፍቱት።

ክብ ሆኖ ከተላጠ ላሽ ወይም ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ቆረቆር ይጋባል፣ በቅባት ብቻም አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ልጅቷ እንጀራዋን መለሰች። መርገፉ ወዲያው አላቆመም፤ ሦስተኛው ወር ላይ ነው የቀነሰው። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ አይቸኩልም። በቅርብ ስትመጣ ግንባሯ ላይ አጫጭር ፀጉር ቆሞ አልያዝ አለኝ። ትቼው ከኋላ ጀመርኩላት።