የሺኮ ሳይንስን የማራካቱና ሮክ ቅልቅል በጊታር ለመሞከር

የአገር ምት ከሮክ ጋር ላዋህድ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሮኩን ጨርሶ ይሰራና ከበሮውን መጨረሻ ላይ ይለጥፍበታል፣ ለዛ ነው የተለጠፈ የሚመስለው። ብራዚላዊውን ዘፋኝ ሺኮ ሳይንስን በጣም የምወደው ነገሩን ገልብጦ ስለጀመረው ነው፣ እሱ ጋ ከበሮው ባለቤት ነው ጊታሩ እንግዳ።

ማራካቱ የብራዚሏ ፔርናምቡኮ የጥቁሮች የሰልፍ ሙዚቃ ነው፣ ድሮ የኮንጎ ንጉስና ንግስት ተብለው ይሾሙ ከነበሩ ሰዎች የንግስ ስርአት የመጣ፣ ዛሬ በካርኒቫል ሰሞን ሬሲፌና ኦሊንዳ መንገድ ላይ ይሰማል። ዋናው መሳሪያ አልፋያ ነው፣ በገመድ የሚወጠር ትልቅ የእንጨት ከበሮ፣ አንጠልጥለው በሁለት ዱላ ይመቱታል። ካይሻ የሚሉት ስኔር (ቀጭን ድምፅ ያለው ትንሽ ከበሮ) እና ጎንጌ የሚሉት ትልቅ የብረት ደወልም አለ።

መጀመሪያ አዳምጡ። ሺኮ ከናሳው ዙምቢ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን ዳ ላማ አው ካኦስ የሚለውን አልበም በጆሮ ማዳመጫ ክፈቱና ጊታሩን እርሱት፣ ከባዱን ከበሮ ብቻ ተከተሉ። የተለመደውን የሮክ ድራም ሴት ብትፈልጉ አታገኙትም፣ ቦታውን የያዙት አልፋያዎቹና ካይሻው ናቸው፣ ሚስጥሩ በሙሉ እዚህ ጋ ነው ያለው!

ከዛ ጊታሩን አስቀምጡና በእግራችሁ ምቱን እየቆጠራችሁ በእጃችሁ ጠረጴዛ ምቱ፣ አንዱን ምት ለአራት ከፍላችሁ ካይሻው እንደሚያደርገው ሳታቋርጡ፣ አንዳንዷን ብቻ ጠንከር እያደረጋችሁ፣ የትኛዋ እንደምትጠነክር ከቀረጻው ላይ ራሳችሁ ፈልጉ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 70 ምት ላይ አድርጉ፣ አትቸኩሉ፣ እኔ የማየው ትልቁ ችግር ፍጥነት ነው።

አሁን ጊታሩን አንሱ ግን ኮርድ አትያዙ። ክሮቹን በግራ እጅ አፍናችሁ ያንኑ ምት በፒክ ብቻ ምቱ፣ ሲቀመጥላችሁ ሁለት ወይ ሶስት ኖታ ያለው ሪፍ (የሚደጋገም አጭር ዜማ) አስገቡ፣ ድምፁን የሚያሻክረው ዲስቶርሽን መጨረሻ ላይ ይምጣ። የባንዱ ጊታሪስት ሉሲዮ ማያ ሄቪ ሪፍ ሲጫወት እንኳን ለከበሮው መተንፈሻ ይተውለታል።

ቤዝ ላይ ተጠንቀቁ። አልፋያ ራሱ ዝቅ ያለ ድምፅ ስላለው ቤዙ በላዩ ላይ ከተደረበ ጭቃ ይሆናል፣ ስለዚህ ከበሮው ዝም ባለበት ክፍተት ይግባ ወይም ከሱ ጋር እኩል መትቶ ቶሎ ይቆረጥ። አልፋያ ከሌላችሁ ፍሎር ቶሙን፣ ማለትም መሬት ላይ የሚቆመውን የድራም ሴት ትልቅ ከበሮ፣ ላላ አድርጋችሁ በወፍራም ዱላ ምቱት፣ አንድ አይሆንም ግን ለልምምድ ይበቃል።

አዘፋፈኑ የመጨረሻው ነው። ሺኮ ልጅ እያለ የሂፕ ሆፕ ዳንሰኛ ነበር፣ አዘፋፈኑም ግማሹ ራፕ ግማሹ ኢምቦላዳ ነው፣ ኢምቦላዳ ማለት የብራዚል ሰሜን ምስራቅ ሰዎች ቃላት በፍጥነት እየደረደሩ የሚዘፍኑት ማለት ነው። ስለዚህ ግጥማችሁን ያለ ጊታር፣ በከበሮ ብቻ ሞክሩት፣ እዛ ላይ ካልቆመ ጊታር አያድነውም። ሺኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ፌብሩዋሪ ላይ በመኪና አደጋ ሲሞት ገና 30 አመቱ ነበር፣ ከሱ በኋላ ማይኩን ይዞ ባንዱን ያስቀጠለው ዦርዢ ዱ ፔይሺ ነው፣ አልፋያ ሲመታ የነበረው።