የሐኑካ ሻማ በቤት ውስጥ እንዴት ይበራል? በተለይ አርብ ማታ

እናቴ ሐኑካን፣ ይህን 8 ሌሊት የሚከበር የአይሁድ የብርሃን በዓል፣ ያወቀችው እስራኤል ከገባች በኋላ ነው። ጎንደር ሳለች ሰግድን፣ ፋሲካን፣ አስተስርዮን ታከብር ነበር። ሐኑካ ግን በኦሪት የተጻፈ በዓል አይደለምና እኛ ቤተ እስራኤሎች ዘንድ አልነበረም። ስለዚህ እኔም ከቤት አልወረስኩትም። ጥቂቱን ከትምህርት ቤት፣ ጥቂቱን ከጎረቤት ተማርኩ። የቀረውን ያስተማረኝ ስህተት ነው። ወላጆቻቸው እንደ እናቴ ለሆኑ ሰዎች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

ታሪኩን ልጆቹ እንዲያውቁት ባጭሩ ንገሯቸው። የግሪኮቹ ንጉሥ አንጥያኮስ 4ኛ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አረከሰ፤ ኦሪትን መጠበቅም ከለከለ። ካህኑ ማቲትያሁና ልጆቹ ከሞዲኢን ተነሥተው አመፁ። ልጁ ይሁዳ መቃቢ ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ164 ቤተ መቅደሱን አስመልሶ አነጻው። ታልሙድ፣ የአይሁድ የሕግና የትውፊት መጽሐፍ፣ እንደሚተርከው በሊቀ ካህናቱ ማኅተም የታተመ አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ ተገኘ። ለአንድ ቀን የሚበቃው ዘይት 8 ቀን ነደደ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ መጽሐፍ ቅዱስ ያሉት መጻሕፍተ መቃብያን ግን ሌላ ታሪክ ነው የሚናገሩት። ይህን እዚያ አትፈልጉት።

የሚያስፈልጋችሁ ሐኑኪያ (የሐኑካ መቅረዝ)፣ ክብሪትና ሻማ ወይም ዘይት ነው። ሐኑኪያው 9 ቦታ አለው፤ 8ቱ ለ8ቱ ሌሊት፣ ዘጠነኛው ለሻማሹ። ሻማሹ ሌሎቹን የምናበራበት ነው። የሐኑካ ብርሃን ለማየት ብቻ ስለሆነ አንብቡበት፣ ሥሩበት አይባልም። ለዚህም ነው ሻማሹ ከፍ ብሎ ወይም ገለል ብሎ የሚቆመው። ሱቅ የሚሸጠው ፓኮ 44 ሻማ ይዟል፤ ለ8ቱም ሌሊት ከነሻማሹ ልክ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ሐኑኪያ ለጌጥ ያምራል፤ ቡራኬ የሚባልበት ግን እሳት ነው።

ሐኑኪያውን መንገድ በሚታይበት መስኮት ላይ አድርጉት። ተአምሩን ለአላፊ አግዳሚው ማሳየት የበዓሉ ዋና ነገር ነው። ከ20 ክንድ፣ ወደ 10 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከመንገድ አይታይም ይላሉ። ከዚያ በላይ የምትኖሩ የቤታችሁን ልማድ ረቢያችሁን ጠይቁ። መጋረጃውን ሰብስባችሁ እሰሩት።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እኔ እንዲህ አድርጌ ያዝኩት። ስታስቀምጡ ዕብራይስጥ እንደሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ። ስታበሩ አማርኛ እንደሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ። በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ሻማ በስተቀኝ ጫፍ ይቆማል። በሁለተኛው አንድ በግራው ይጨመራል፤ መጀመሪያ የሚበራውም አዲሱ ነው። ልጆቼ ይህን ከሰሙ ወዲህ ተሳስተው አያውቁም።

ሻማሹን አብርታችሁ በእጃችሁ ያዙ፤ ቡራኬውን በሉ፤ ከዚያ አብሩ። በየሌሊቱ ሁለት ቡራኬ አለ፤ በመጀመሪያው ሌሊት ሦስተኛ ይጨመራል። ይህ ሦስተኛው ሕያው አድርጎ ላቆየን፣ ለዚህም ጊዜ ላደረሰን አምላክ የሚቀርብ ምስጋና ነው። ለእናቴ በዕብራይስጥ ሲነበብላት ዝም ብላ ትሰማ ነበር። አንድ ዓመት ትርጉሙን በአማርኛ ነገርኳት። «እንኳን አደረሰን ማለት ነዋ!» አለች። ከዚያ ወዲህ አሜን የምትለው ከሁላችን በላይ ጮክ ብላ ነው። ትልልቅ ሰዎች ቤታችሁ ካሉ ቡራኬውን ተርጉሙላቸው። ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ አርብ ማታው ልምጣ። በአዘቦት ቀን ብርሃኑ ከመሸ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መንደድ አለበት። ትንንሾቹ ባለቀለም ሻማዎች ለዚህ ይበቃሉ። አርብ ግን የሐኑካው ብርሃን የሚበራው ሰንበት ሳይገባ፣ ከሰንበት ሻማም በፊት ነው። ገና ፀሐይ አለች ማለት ነው። ከዚያ ተነሥቶ ከመሸ በኋላም ግማሽ ሰዓት እንዲቆይ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚነድ ነገር ያስፈልጋል።

እኔ ይህን አላወቅሁም ነበር። የራሴን ቤት በያዝኩበት የመጀመሪያ ዓመት አርብ ላይ እንደ ሌላው ቀን ትንንሾቹን ሻማዎች ደረደርኩ። ከጸሎት ስመለስ መስኮቱ ጨለማ ነው። ሻማዎቹ ገና ሳይመሽ አልቀዋል። ሰንበት ገብቷል፤ ዳግም ማብራት አይቻልም። ትንሿ ልጄ «ዛሬ ሐኑካ የለም?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አጣሁ። ለአርብ ትንንሾቹን ሻማዎች በፍጹም አትጠቀሙ። ረጅም ሻማ ግዙ፤ ወይም ደግሞ እኔ የምመርጠውን የወይራ ዘይት ተጠቀሙ።

ዘይቱ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ፈትሉ ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ ፈትሉን አወፈርኩት። ጥላሸቱ የመስኮቱን ጠርዝ አጠቆረው፤ ዘይቱም ቶሎ አለቀ። ቀጥሎ አቀጠንኩት፤ ዘይቱ ውስጥ ሰጥሞ ጠፋ። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ስታይ ቆይታ «አምጣው እስቲ ልጄ» አለችኝ። እንዝርት ይዛ ያደገች ሴት ናት። ጥጡን ባዘቶ እስኪሆን በጣቶቿ አሳሳችው። በመዳፎቿ መሃል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አከረረችው። እኔ ወዲያና ወዲህ ነበር የማሸው፤ ለካ እየፈታሁት ኖሯል።

እሷ ያሳየችኝ ይኸውላችሁ። ንጹሕ ጥጥ ያዙ፤ መድኃኒት ወይም ሽቶ የነካው አይሁን። ውፍረቱ ከክብሪት እንጨት አይበልጥ። አክርራችሁ ስትጨርሱ ዘይት ውስጥ ንከሩትና ጥቂት ይቆይ። ደረቅ ፈትል ራሱ ይቃጠላል እንጂ ዘይት አይስብም። ጫፉ ከመያዣው ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ብቅ ይበል። ሲጨስ ካያችሁት ረዝሟልና አጥፉትና አሳጥሩት። ይህን ሁሉ ከበዓሉ በፊት ሞክሩ። አንዷን ብርጭቆ ሙሉ፣ ለኩሱ፣ ስንት ሰዓት እንደነደደች ያዙ። ለአርብ ምን ያህል ዘይት እንደሚበቃ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ዘይት ለመቆጠብ ከሥሩ ውሃ የሚያደርጉ አሉ። እኔ አልወደውም። ዘይቱ ሲያልቅ እሳቱ ውሃውን ያገኘዋል፤ ይንጫጫል፣ ብርጭቆውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ጊዜ የሌለው ሰው ከነፈትሉ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የረጋ ዘይት ይግዛ፤ ምንም ነውር የለበትም። ብቻ ለስንት ሰዓት እንደሚነድ ማሸጊያው ላይ ይመልከት።

በ2026 የመጀመሪያው ሌሊት ዲሴምበር 4 ነው፤ አርብ። ስምንተኛውም ዲሴምበር 11፣ አርብ ላይ ይውላል። ስምንቱም ብርጭቆ ሞልቶ፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ሰንበት ሳይገባ ማለት ነው። ሐሙስ ማታ ፈትሉ ተነክሮ ይደር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አገር ቤት ሳለን ሰንበት ከመግባቱ በፊት ቤት ውስጥ ያለው እሳት ሁሉ ይጠፋ ነበር። አንዳንድ ሽማግሌዎች እሳት እየነደደ ሰንበት ሲገባ ማየት እስከ ዛሬ ይከብዳቸዋል። አትከራከሯቸው። ቀድሞ እንደሚበራ፣ ሰንበት ከገባ በኋላ ማንም እንደማይነካው በአክብሮት አስረዷቸው። ሐኑኪያውንም ሰንበት እስኪወጣ ከቦታው አታንቀሳቅሱት።

ምኩራብ ወይም አደባባይ ላይ የሚበራው ትልቁ ሐኑኪያ የቤታችሁን አይተካም። ግን ሂዱ፤ ሽማግሌዎቹንም ይዛችሁ ሂዱ። በሰፈራችን የቤተ እስራኤል ቄሱ ታሪኩን በአማርኛ ሲናገሩ የሰማሁበት ምሽት እናቴ ጥያቄ የጠየቀችበት የመጀመሪያው ሐኑካ ነበር። ማይክ የምትይዙ ሰዎች፣ አምስት ደቂቃ አማርኛ ጨምሩ።

ምግቡ ዘይት የነካው ይሁን። ሱፍጋኒያ ማለት ቦምቦሊኖ ነው፤ ውስጡ ማርማላታ አለው። እኔ እገዛዋለሁ። ሌቪቮት፣ በዘይት የሚጠበስ የድንች ቂጣ ማለት ነው፣ ለመሥራት ድንቹን ፍቃችሁ ውሃውን በጨርቅ አጥብቃችሁ ጭመቁት፤ አለዚያ ምጣዱ ላይ ይበተናል። ብርሃኑ እየነደደ ሴቶች ሥራ እንዳይሠሩ የቆየ ልማድ አለና በእኛ ቤት በዚያ ሰዓት ቡናውን የሚያፈላው ወንዱ ነው። አቦሉ ደርሶ ሲቀዳ ትንንሾቹ ሻማዎች ሊያልቁ ይቃረባሉ። ልጆቹ ደግሞ ወለሉ ላይ ሴቪቮን የተባለውን እሽክርክሪት መጫወቻ ያሽከረክራሉ።

በዓሉ ሲያልፍ ሰሙን በሙቅ ውሃ አላቅቁት። ብርጭቆዎቹ ውስጥ የቀረውን ዘይትና ፈትል ግን ለወጥ አትመልሱት። ለሐኑካ የተለየ ነውና ሰብስባችሁ፣ ውጭ አውጥታችሁ አቃጥሉት።