የኪራይ ፈረሶቻችን ፈቃድ እንዴት ታደሰ
እንግሊዝ አገር በምሠራበት የፈረስ ጋጣ የኪራይ ፈቃዳችን ሊያልቅ ሲቃረብ የእድሳት ማመልከቻችን ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰበቡ አንዲት ባዝራ ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ውርንጭላዋን ገና የምታጠባ ባዝራም ሆነ ሦስት ዓመት ያልሞላው ፈረስ እንዳይከራይ ይከለክላል። እኛ ደግሞ ሁለቱንም መዝገቡ ላይ ደርድረናቸዋል! ባዝራዋንና ጎረምሳውን ፈረስ ከኪራይ አወጣሁ። ኢንሹራንሱንም ሳገላብጥ የሚሸፍነው ፈረሶቹን ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ደንቡ ግን ጋላቢ ወይም ሌላ ሰው ቢጎዳ የሚክስ ሽፋን ይጠይቃል። ውሉ ተሻሻለ። የእንስሳት ሐኪሙ ተመልሶ ሲመጣ የእያንዳንዱን ፈረስ ሰኮናና ጀርባ መረመረ፤ ኮርቻውን ሳይቀር ገልብጦ አየ። ከዚያ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃዱን ለመስጠት አልዘገየም። ባዝራዋ አሁን ከልጇ ጋር መስክ ላይ ናት፤ ከሁላችንም የተመቻት እሷ ሳትሆን አትቀርም።