በናፖሊ ከመርከብ ወርዶ ፖምፔን አይቶ በሰዓቱ ለመመለስ

በሜዲትራኒያን ባሕር የሚዞር የመዝናኛ መርከብ በአንድ ወደብ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ከማለዳ እስከ አመሻሽ ብቻ ስለሆነ፣ የቀኑን ዕቅድ ከመመለሻው ሰዓት ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማውጣት ይበጃል። የጣሊያኗ ናፖሊ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። መርከቡ የሚቆመው በመሐል ከተማው ደጃፍ፣ ከካስቴል ኑኦቮ ግንብ ፊት ለፊት ሲሆን፣ አብዛኛው ተጓዥ ሊያየው የሚጓጓለት ጥንታዊው የፖምፔ ከተማ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ የባቡር መንገድ ይርቃል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው በዋዜማው ነው። ማታ ወደ ክፍልዎ ከሚመጣው ወይም በመርከቡ የስልክ መተግበሪያ ላይ ከሚወጣው የዕለት መርሐ ግብር የመጨረሻውን የመሳፈሪያ ሰዓትና በወደቡ ያለውን የመርከቡን ወኪል ስልክ ቁጥር ጽፈው ይያዙ። የመሳፈሪያው ሰዓት መርከቡ ከሚነሣበት ሰዓት ቀድሞ የሚያበቃ መሆኑን ልብ ይበሉ። መርከቡ ከግሪክ በኩል የመጣ ከሆነ፣ የግሪክ ሰዓት ከጣሊያን በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም፣ ስልክዎ በራሱ ሲለወጥ የመርከቡ ሰዓት ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል፤ በመርከቡ ሰዓት የተሞላ የእጅ ሰዓት ማሰር ከዚህ መምታታት ያድናል።

የፖምፔን የመግቢያ ትኬትም አስቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል፤ ከኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን ከ20,000 ሰው በላይ አይገባም፣ ትኬቱም በስም የሚሰጥ ስለሆነ መታወቂያ መያዝ ግድ ነው። ከወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጋር ከገጠመ መግቢያው ነጻ ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ጥቅም የሰዉን ብዛት የሚያካክስ አይመስለኝም። ከ30 በ30 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቦርሳ ወደ ፍርስራሹ አይገባም።

አሁን ቆጠራውን እንሥራ። የመጨረሻው መሳፈሪያ 17፡30፣ ማለትም ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደቡ መድረስ፣ ለዚህም ከዘጠኝ ሰዓት ሳያልፍ ፖምፔን መልቀቅ ይገባል። ይህ ቆጠራ የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ቺርኩምቬዙቪያና የሚባለው የአካባቢው ባቡር የሚዘገይበትና ሠራተኞቹ ሥራ የሚያቆሙበት ቀን ስላለ፣ ትርፍ ሰዓቱ የቅንጦት አይደለም። በራሱ የወጣን ተጓዥ መርከቡ አይጠብቅም፤ የቀረ ሰው ወኪሉን ደውሎ ካገኘ በኋላ እስከ ቀጣዩ ወደብ በራሱ ወጪ ይጓዛል። መርከቡ ራሱ ያዘጋጀውን ጉብኝት የገዛ ሰው ግን ቡድኑ ቢዘገይም ይጠበቃል፤ ለጉብኝቱ የሚጠየቀው ተጨማሪ ገንዘብ በዋናነት የሚገዛው ይህንኑ ዋስትና ነው።

ከወደቡ እንደወጡ ሙኒቺፒዮ ከሚባለው ጣቢያ በሜትሮ ወደ ጋሪባልዲ ይሂዱ፤ ከዚያ ወደ ሶሬንቶ የሚሄደውን ባቡር ይዘው ፖምፔ ስካቪ – ቪላ ዴይ ሚስቴሪ ላይ ይውረዱ። ባቡሩ ስለሚጨናነቅ ኪስ አውላቂ አይጠፋውም፤ ቦርሳዎን ከፊትዎ ይያዙ።

ፖርታ ማሪና የሚባለው የከተማው በር ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው። በ79 እ.ኤ.አ. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ የቀበራት ይህች ከተማ ከ60 ሄክታር በላይ ስፋት ስላላት፣ በአንድ ቀን ሁሉን ለማየት መሞከር እግርን ከማድከም በቀር ትርፍ የለውም። መጀመሪያ ወደ አደባባዩ፣ ከዚያ በስተሰሜን ወዳሉት መታጠቢያዎች፣ ቀጥሎም አንድ ሙሉ ክፍለ ሰፈር ወደሚይዘው የፋውን ቤት ይለፉ። በዚህ ቤት ወለል ላይ የሚታየው የእስክንድር ጦርነት ምስል ቅጂ ነው፤ በ1831 እ.ኤ.አ. የተገኘው ዋናው ሥራ የናፖሊ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ንብረት ነው። ጊዜ ከተረፈ በስተምሥራቅ ጫፍ ካለው አምፊቴአትር ይልቅ፣ ከከተማው ቅጥር ውጭ ያለውን በቀይ የግድግዳ ሥዕሎቹ የታወቀውን የምሥጢራት ቪላ እመርጣለሁ። ጥላ እምብዛም የለም፣ የድንጋዩ መንገድም ወጣ ገባ ነው፤ ስለዚህ ኮፍያና ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። የውኃ ጠርሙስ በየመንገዱ ካሉት ቧንቧዎች መሙላት ይቻላል። መርከቡ ዘግይቶ ከገባ ፖምፔን ትቶ፣ በዚያው እሳተ ገሞራ ወደተቀበረው ሌላ ጥንታዊ ከተማ ወደ ሄርኩላኒየም መሄድ ብልህነት ነው፤ በዚያው የባቡር መስመር ላይ ለናፖሊ ይቀርባል፣ አነስ ያለ ነው፣ የተቃጠለ እንጨትና ፎቅ ቤት ሳይቀር ተጠብቆ ይታይበታል።

ሲመለሱ የመርከቡን ካርድ በእጅዎ ያዘጋጁ፤ ዕቃው ሁሉ በኤክስሬይ ያልፋል፣ የገዙት የአልኮል መጠጥ ካለም ብዙ መርከቦች እስከ ጉዞው ፍጻሜ ተረክበው ያቆያሉ። በመርከብ ላይ ሆድን የሚያውክ ኖሮቫይረስ በቀላሉ ስለሚዛመትና የአልኮል ጄል ብዙም ስለማይበግረው፣ ምግብ ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ለእራት የተመደበልዎ ሰዓት ከመነሻው ሰዓት ጋር ከተጋጨ፣ የዚያን ዕለት በራስ አንሺው ምግብ ቤት ቀለል ያለ ነገር ቀምሰው ወደ ኋለኛው የላይኛው ወለል ይውጡ፤ 1,281 ሜትር ከፍታ ያለውን ቬሱቪየስንና የባሕረ ሰላጤውን ዳርቻ በአንድ ቦታ ቆሞ ለማየት ከዚያ የተሻለ ስፍራ የለም። መርከቡ ከወደብ ሲርቅ ስልክዎን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉት፤ በባሕር ላይ በሳተላይት የሚሠራው አውታር ሳይታሰብ ከባድ ሂሳብ ያስከፍላል። ቀጣዩ ወደብ በግሪክ ከሆነም ከመተኛትዎ በፊት የነገውን መርሐ ግብር አይተው፣ ሰዓት ወደፊት እንዲገፋ ከታዘዘ የእጅ ሰዓትዎን ያስተካክሉ።